የሮጠው ሜዳ

ስሙን የሚያውቁት ሁሉ «ረሳነው» በሚሉት አንድ አገር፣ አንድ ሰላም ወዳድ ንጉሥ ነበረ። ሰላም ወዳድነቱን የማይመሰክር ሰው በአገሩ አልነበረም፤ የማይመሰክሩት ወደ ተራሮቹ ሸሽተው ነበርና።

የተራሮቹን ግርጌ ድሮ የሚጠብቁት የማማ ዘበኞች ነበሩ። ዘበኛ ግን ያው ሰው ነው። ያንቀላፋል፣ ይርበዋል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይራራል። ጠመንጃውን ከደገነ በኋላ «ቆይ፣ ይኼማ የአክስቴ ልጅ አይደለም እንዴ?» ብሎ አፈሙዙን ዝቅ የሚያደርግ ዘበኛ ለመንግሥት ምን ይረባል? ስለዚህ ከባሕር ማዶ ነጋዴዎች አንዲት የብረት ጭልፊት ተገዛች።

ጭልፊቷ ጋላቢ የላትም፤ ከሩቅ ሆኖ የሚስባት ክርም የላትም። ራሷ ትበራለች፣ ራሷ ታያለች፣ ባየችው ላይ ራሷ ትፈርዳለች፣ የፈረደችበትን ራሷ ታቃጥላለች። ከዚያ ወደ ማደሪያዋ ተመልሳ ሌላ እሳት ታቅፋ ትወጣለች። ንጉሡ ባያት ጊዜ «የአክስት ልጅ አላት?» ሲል ጠየቀ አሉ። «የላትም» አሉት ነጋዴዎቹ። «እንግዲያው ታማኝ ሹሜ ናት» አለና ካባ ሊያለብሳት ፈለገ፤ ለመብረር ይከብዳታል ተብሎ ቀረ።

ነጋዴዎቹ ሊሄዱ ሲሉ አንድ ነገር አሳሰቡ። ጭልፊቷ ጠላትን አታውቅም፤ የምታውቀው ያሳዩአትን ብቻ ነው። የራሳችሁን ሰው አሳዩአት፣ አረማመዱን ትይዛለች፣ እንደዚያ ያልሄደውን ሁሉ ለሷ ተዉት፣ አሉ።

አማካሪዎቹ ተሰብስበው «የራሳችን ሰው ማን ነው?» ብለው መከሩ። ገበሬ ይቅረብ ያለ አንድ የዋህ ነበር። «ገበሬ የኛ መሆኑን በምን አወቅህ?» ተባለ። ማወቂያ አልነበረውምና አፍሮ ተቀመጠ። ሸማኔውም፣ ቸርቻሪውም፣ ቄሱም ተነሥተው ወደቁ። ሲመሽ፣ ጥርጥር የማይነሣባቸው ሰዎች እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው የሚመክሩት ራሳቸው መሆናቸውን አስተዋሉ። በነጋታው ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ባለው መስክ ላይ በጭልፊቷ ፊት ተመላለሱ። ሆዳቸውን አስቀድመው፣ እጃቸውን ከኋላ አጣጥፈው፣ ትንሽ እየሄዱ ብዙ እየቆሙ፣ እዚያ ለሌለ ሕዝብ በግራ እጃቸው ሰላምታ እየሰጡ። መራመድ ያቃታቸው አዛውንት መሳፍንት እንኳ አልቀሩም፤ በአልጋ ላይ ተጋድመው በሎሌዎች ትከሻ፣ በዣንጥላ ጥላ ሥር አለፉ። ጭልፊቷ አየች፤ ያዘች።

ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ። ማሳ ላይ የነበሩ ሰዎች እንዳይረጥቡ ወደ ዛፍ ሥር ሮጡ። ከዚያ ወዲያ የመርጠብ ስጋት አልነበረባቸውም።

ሽማግሌዎች ለአቤቱታ ዋና ከተማ ወጡ። የጭልፊት ጉዳይ ሹም በትሕትና ተቀብሎ አነጋገራቸው።

«ጭልፊቷን ማን ያዛታል?»

«እርስዎ፣ ጌታዬ።»

«እኔ አላዛትም። ግርማዊነታቸውም አያዟትም። ማንም የማያዛት ለማንም አታዳላም። እንግዲህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባችሁ?»

አልገባቸውም ነበር። «አረማመዳችሁን አስተካክሉ» ተብለው ተሸኙ። በዚያው ወር በየመንደሩ የአረማመድ ሹም ተሾመ። በተራሮቹ ያሉት ሸማቂዎች ግን ከሁሉ ቀድመው ዣንጥላ ገዙ ይባላል።

አፋፍ ለምትባለው መንደር የደረሷት ሹም አጋፋሪ ልሳኑ ነበሩ። በወጣትነታቸው በቤተ መንግሥት ግብር በር ላይ ቆመው ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚከተል ይለዩ ነበር። አንድ ቀን አንዱን የንጉሥ አማች ከአንዱ የንጉሥ ወንድም አስቀድመው በማስገባታቸው ወደ አፋፍ ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ የሚያስቀድሙት ሰው ጠፍቶ ሲቆዝሙ ኖረው፣ በስተርጅና ጭልፊቷ አወጣቻቸው። በየማለዳው መንደሩን በገበያው ሜዳ ሰብስበው በበትራቸው መሬቱን እየወጉ ያሠለጥኑ ነበር።

«ሆድ ይቅደም! እግር ይከተል!»

«አጋፋሪ፣ ሆድ ከየት እናምጣ?» ይል ነበር ቸኮል የሚባለው ጎረምሳ።

«ሆድ የሌለው ገለባ ይሰር!»

ስለዚህ የአፋፍ ሰው ከቤቱ ሲወጣ በነጠላው ሥር የገለባ ሆድ ያስራል። ከላይ ለሚያይ አገሩ ጠግቦ የሚንጎራደድ ይመስላል።

ከሁሉ ይበልጥ ሥልጠናው የከበደው ለይርዳው ነበር። ይርዳው ጭልፊቷ ሳትመጣ በፊት መልእክት አድራሽ ነበረ፤ ሥራው መሮጥ ነበር። ቆሞ እንኳ ሳለ ተረከዙ መሬት አይነካም። አጋፋሪ ልሳኑ ከሰልፉ ነጥለው ያወጡትና «ያንተ እግር ለአመፅ የተፈጠረ ነው» ይሉት ነበር። ጥሩዬን ካገባ ወዲህ፣ ይልቁንም ጥሩዬ ከፀነሰች ወዲህ፣ እግሩን ገራው። በግራ እጁ ሰላምታ መስጠትም ለመደ። ሚስቱ በመስኮት እያየችው ትስቃለች።

«ራስ ይርዳው፣ ምሳ ቀርቧል። እስኪደርሱ ግን ይቀዘቅዛል።»

በመኸሩ ማብቂያ አንድ ማለዳ ጥሩዬን ምጥ ያዛት። እናቷ እሜቴ ባንቺአየሁ የመንደሩ አዋላጅ ናቸው፤ ሲገቡ እየቀለዱ ነበር የገቡት። ሲወጡ ግን እጃቸውን በነጠላቸው ባልረጠበ ጫፍ ጠረጉ፤ ይርዳውንም አላዩትም።

«ልጁ ተጋድሟል። ጎኑን ነው የሰጠን። እኔ ልመልሰው አልቻልኩም። ሐኪም ቤት ካልደረሰች ሁለቱንም ነው የምናጣው።»

«እስከ መቼ?»

«ፀሐይ አናት ላይ ሳትቆም።»

ሐኪም ቤቱ ከሜዳው ማዶ ነው። ሜዳው ዛፍ የለው፣ ቁጥቋጦ የለው፤ በእጅ መዳፍ ላይ እንዳለ ጤፍ ከላይ ሁሉ ነገር የሚታይበት ነው። ይርዳው በደጉ ዘመን ላቡ ፊቱ ላይ ሳይወርድ ይሻገረው ነበር። በሹማምንት አረማመድ የገባን ግን ፀሐይዋ ቀድማው አናት ላይ ትቆማለች።

አጋፋሪ ልሳኑን መቀነታቸውን ሲያስሩ አገኛቸው።

«ቃሬዛ?» አሉ። «ቃሬዛ ከላይ ሲታይ ምን ይመስላል?»

«ቃሬዛ ነዋ!»

«ለአንተ። ለሷ ግን አራት ሰው የተሸከመው ረጅም ነገር ነው። ሸማቂዎች መድፋቸውን የሚሸከሙት አራት ሆነው ነው። ክልክል ነው።»

«በጀርባዬ አዝያት ልሂድ።»

«ሹም ሰው አዝሎ ታይቶ አይታወቅም። ክልክል።»

«በበቅሎስ?»

«በቅሎዪቱ አረማመድ ተምራለች?»

አልተማረችም። ለበቅሎዎች የተመደበው አሠልጣኝ በርግጫ ሞቶ ቦታው ክፍት ነበር።

ይርዳው በሩ ላይ ተንበረከከ። ከኋላው እሜቴ ባንቺአየሁ ደረሱ፤ ሳይንበረከኩ ገቡ።

«አጋፋሪ፣ ሰው ተሸክሞት ሲያልፍ ጭልፊቷ የማትነካው ማን አለ?»

«መሳፍንት።»

«እንግዲያው ልጄን መስፍን አድርጉልኝ።»

«ባንቺ፣ ምን ነካሽ? ሹመት የንጉሥ ነው!»

«ጭልፊቷ የሹመት ደብዳቤ ታነባለች?»

አጋፋሪ ልሳኑ መቀነታቸውን ማሰር ተዉ። ይህን ጥያቄ በሕይወታቸው ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሲያስቡ ቅንድባቸው ተነሣ፣ ተመለሰ።

«ሴት መስፍን ታይቶ አያውቅም።»

«ጢም ከላይ አይታይም።»

«ሆድስ?»

«ሆዱን ተዉት፣ አጋፋሪ። በዚህ አገር እውነተኛ ሆድ ያላት እሷ ብቻ ናት።»

አጋፋሪ ልሳኑ ወደ ሳጥናቸው ሄዱ። በብዙ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ ካባ አወጡ። ጥለቱ ደብዝዟል፣ ጫፉን ብል በልቶታል። በመዳፋቸው አራገፉትና ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

«መስፍን ያለ አጋፋሪ አይንቀሳቀስም። ከፊት በትር ይዞ መንገድ የሚያስለቅቅ ያስፈልጋል።»

«ማን ይሁን?» አለ ይርዳው።

«በዚህ መንደር ሥርዓቱን የሚያውቅ ማን አለ? ቃሬዛውን አምጣ!»

ጥሩዬ በቃሬዛው ላይ ተጋድማ ካባው ተደረበላት። አጋፋሪ ልሳኑ በትራቸውን አንሥተው፣ በቆመው ሁሉ ፊት፣ የሜዳው መስፍን አድርገው ሾሟት። «ሹመቱ እስከ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ይጸናል» አሉ፤ «ደጃፉን ስታልፍ ተሽራለች።» ጥሩዬ የካባውን ጫፍ ነክሳ ስለነበር አላመሰገነችም።

ወጡ። ከፊት አጋፋሪ ልሳኑ። ከኋላቸው ቃሬዛው፤ ፊቱን ይርዳውና ቸኮል፣ ኋላውን ሁለቱ የጥሩዬ ወንድሞች ተሸክመውታል። ከጎን እሜቴ ባንቺአየሁ ዣንጥላ ዘርግተዋል። ይርዳው ስንቱን መንገድ በእግሩ በልቷል፤ እንዲህ የከበደው ግን አልነበረም። ሚስቱ ጆሮው ሥር ታቃስታለች፣ እግሩ ደግሞ ትልቅ ሰው ሆኖ ይንጎራደዳል።

«ይርዳው» አለች ጥሩዬ።

«አቤት።»

«ሩጥ።»

«ቀስ ተብሎ ነው የሚኬደው፣ እመቤቴ።»

«እመቤቴ አትበለኝ! ሩጥ ነው ያልኩህ!»

«መስፍኗ ሰላምታ ትስጥ!» አሉ አጋፋሪው ከፊት፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ። «በግራ እጅ! ቁሙ!»

ቆሙ። መቆም የሥርዓቱ ዋና ክፍል ነው። ጥሩዬ ግራ እጇን አነሣች፤ ጣቶቿ ተጨብጠው ነበር። እናቷ ቀስ ብለው መዳፏን ዘረጉላትና አውለበለቡላት።

ያን ጊዜ ድምፁ ተሰማ። ከሩቅ ወፍጮ የሚፈጭ ይመስላል። ቀጥሎ ጥላዋ መጣ። በሣሩ ላይ ተንሸራትቶ አጋፋሪውን ነካ፣ ቃሬዛውን ነካ፣ የይርዳውን ፊት አቀዘቀዘና አለፈ። ዞሮም ተመለሰ።

ማንም ቀና አላለም። ሹም ወደ ሰማይ አያይም፤ ከሱ በላይ የሆነ ነገር ያለ ያስመስላል።

«ሆድ... ይቅደም» አሉ አጋፋሪ ልሳኑ።  አፋፍን ሁሉ ለጭልፊቷ ያሠለጠኑት ሰው ራሳቸው እሷ ከመጣች ወዲህ ከመንደር ወጥተው አያውቁም ነበር። ከጥላዋ ሥር ሲቆሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ቸኮል» አለ ይርዳው በጥርሱ መካከል፣ «ክንድህ ተንቀጠቀጠ።»

«ክንዴ አይደለም። ሆዴ እየወረደ ነው።»

«ያዘው!»

«በምን እጄ?»

በሜዳው መካከል የደረቀ ጅረት አለ። ወደ ታች ሲወርዱ የቸኮል የገለባ ሆድ ተፈትቶ እግሩ ላይ ወረደ። ቸኮል ተደናቀፈ፤ ቃሬዛው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። እሜቴ ባንቺአየሁ ልጃቸውን ለመያዝ ዣንጥላውን ለቀቁት፤ ነፋሱ ወሰደው። ልክ ያን ጊዜ ምጡ መጣ። ጥሩዬ ጮኸች። ካባው ወረደ፣ እግሮቿ ሰማዩን ረገጡ።

መስፍን አይራገጥም።

እሜቴ ባንቺአየሁ ከካባው ሥር እጃቸውን ከተው አወጡ። እስከ አንጓቸው ቀልቷል።

«ክንዱ ቀድሞ መጥቷል» አሉ። «ይርዳው፣ ከዚህ በኋላ ቀስ የለም።»

«እሷስ?» ወደ ሰማይ አልጠቆመም። መጠቆም አላስፈለገውም።

የጭልፊቷ ድምፅ ቀጠነ። ይህን በአፋፍ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እንደ ወፍጮ ስታጉረመርም ገና እያየች ነው፤ እንደ ትንኝ ስትቀጥን ፈርዳለች። ይርዳው ሁሉንም በአንድ ጊዜ አሰበ። ቢሮጡ ከጅረቱ ሳይወጡ ያልቃሉ። ባይሮጡ ጥሩዬ እዚሁ ታልቃለች። ለመሮጥ የተፈጠሩት እግሮቹ ተገትረው ቀሩ።

አጋፋሪ ልሳኑ ወደ ኋላቸው ዞሩ። ለአጋፋሪ መዞር ክልክል ነው። ጥሩዬን አዩ። ቀጥለውም፣ ያልተፈቀደ ቢሆንም፣ ሰማዩን አዩ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። አፋቸው ተከፈተ፤ ምን እንዳሉ ግን ማንም አልሰማም። በትራቸውን ጣሉ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ሰበሰቡ፣ ጅረቱን ተሻግረው ወደ ባዶው ሜዳ ሮጡ።

ክንዳቸውን እያወናጨፉ፣ ጉልበታቸው እስከ ደረታቸው እየተነሣ ሮጡ። ከወገባቸው ገለባ እየተበተነ በኋላቸው ቀረ። የአጋፋሪም ሆድ ገለባ መሆኑን አፋፍ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ቀጭኑ ድምፅ ከነይርዳው ራስ ላይ ተነሥቶ ወደዚያ ሄደ። ሰማዩ ተቀደደ። መሬቱ ብድግ ብሎ ተመልሶ ተኛ። አቧራው ሲሳሳ፣ ጭልፊቷ ሌላ እሳት ልታቅፍ ወደ ማደሪያዋ ስትመለስ ታየች። ሰማዩ ላይ ማንም አልነበረም።

«አሁን!» አለ ይርዳው። «አሁን! አሁን!»

ሮጡ። ቸኮል እያለቀሰ ሮጠ። እሜቴ ባንቺአየሁ፣ እግዜር ያበርታቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው የልጃቸውን እጅ ይዘው ከቃሬዛው ጎን ሮጡ። የይርዳው ተረከዝ መሬት አልነካም።

ሐኪሟ በሩ ላይ ነበረች። ደጃፉን ሲያልፉ ሹመቱ ተሻረ። ቀኑ እስኪጋደል ድረስ ይርዳው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ቁጭ በል ሲሉት «መቆም ለምጃለሁ» አለ። ከዚያ ከውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን ነው፣ ግን እንደ ጭልፊቷ አይደለም። ሴት ልጅ ነበረች። ጥሩዬም እስትንፋሷ ነበረ፤ ደሟ አልቆ እንደ ሰም ነጥታ፣ ግን ነበረ።

አጋፋሪ ልሳኑ ለምን እንደሮጡ አፋፍ እስካሁን አልተስማማችም።

«ፈርተው ነው» አለ ቸኮል በለቅሶው ላይ።

«የፈራ ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚሮጠው» አሉ እሜቴ ባንቺአየሁ። «እሳቸው ወደ ባዶው ነው የሮጡት።»

«የፈራ ሰው አቅጣጫ ይለያል እንዴ፣ እሜቴ?»

«አንተ ፈርተህ በየት ሮጥክ?»



ሳምንት ሳይሞላ ሊቀ መርማሪ ዳኘው ከዋና ከተማ መጡ። ሹም በጭልፊት ሲመታ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ጉዳዩም ብርቱ ነበር። በዚያ አገር ሕግ ጥፋተኛ ያልተገኘለት ጉዳይ መርማሪውን ጥፋተኛ አድርጎ ይዘጋል። ስለዚህ መርማሪዎች ሁሉ ትጉሃን ናቸው። ሊቀ መርማሪው በይርዳው ግቢ ወንበራቸውን አስዘርግተው፣ መንደሩን አስቁመው፣ ይርዳውን ከፊት አቆሙት። ከቤት ውስጥ ጥሩዬ ተኝታ ትሰማለች፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች።

«አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ» አሉ። «አጋፋሪ ልሳኑ ሮጠዋል ወይስ አልሮጡም?»

በግቢው ከቆመው ሁሉ ያልገባው አልነበረም። ሮጠዋል ከተባለ አጋፋሪው ሸማቂ ነበሩ። ሸማቂን በሰልፍ የተከተለ ሁሉ ሸማቂ ነው፤ የተሸከመውም፣ ዣንጥላ የያዘውም፣ በቃሬዛ የተኛችውም፣ በሆዷ የነበረችውም። የሸማቂ ቤት ደግሞ ከነሰዎቹ ለጭልፊቷ ይሰጣል። አልሮጡም ከተባለ ጭልፊቷ ተሳስታለች። ይህን የሚል ሰው ደግሞ ምላሱን ይዞ አያድርም።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ላስታውስ» አለ ይርዳው።

«አስታውስ። ግን ቶሎ አስታውስ።»

ሕፃኗ ዝም አለች። ይርዳው እጁን ከኋላው አጣጠፈ፤ ሆዱን አስቀደመ፤ አጋፋሪው እንዳስተማሩት ትንሽ ተራመደና ቆመ።

«ጌታዬ፣ ጭልፊቷ ሩጫ አየች። ጭልፊቷ የሌለውን አታይም።»

«እውነት ነው» አሉ ሊቀ መርማሪው፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው።

«አጋፋሪ ልሳኑ ደግሞ የንጉሥ የአረማመድ ሹም ናቸው። የአረማመድ ሹም አይሮጥም።»

«እሱም እውነት ነው። እና?»

«እና፣ ጌታዬ፣ አጋፋሪው እንደ ሥርዓታቸው ቆመው ነበር። የሮጠው ሜዳው ነው።»

ቸኮል አንገቱን ደፋ። እሜቴ ባንቺአየሁ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሊቀ መርማሪ ዳኘው ይርዳውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሞኝ አለመሆኑን አወቁ፤ ማወቃቸውንም እሱ አወቀ። ሊቀ መርማሪው ግን ቤታቸው ውስጥ ሚስትና ልጆች ነበሯቸው፤ ጥፋተኛም ያስፈልጋቸው ነበር።

«ከአጋፋሪው እግር ሥር?» አሉ በመጨረሻ።

«ከእግራቸው ሥር፣ ጌታዬ። ወደ ኋላ። እጅግ በፍጥነት።»

«ሌላ ያየ አለ?»

«እኔ አይቻለሁ» አለ ቸኮል። «እኔም!» «እኔም!» አለ መንደሩ፤ ያን ቀን ከቤቱ ያልወጣው ሁሉ ሳይቀር።

ሜዳው በማግሥቱ ተከሰሰ። አዋጅ ነጋሪ ጠርዙ ላይ ቆሞ በስሙ ጠራው። አልቀረበም፤ ዝምታውም እንደ ንቀት ተቆጠረበት። በዚያ አገር ፍርድ አይጓደልምና ጠበቃ ቆመለት። ጠበቃው «ደንበኛዬ ከፍጥረቱ ጀምሮ እዚያው ተኝቷል፤ ሲንቀሳቀስ ያየው የለም» ብሎ ተከራከረ። ሊቀ መርማሪ ዳኘው «ያላየነው ስለሚፈጥን ነው» ብለው ረቱት። የሹም ደም በማፍሰስና የንጉሥን ጭልፊት በማታለል ጥፋተኛ ሆኖ፣ ከመንግሥቱ ምድር ለዘለዓለም እንዲባረር ተፈረደበት።

የሚሄድበት ስላልነበረው እዚያው በተኛበት ተባረረ። ዙሪያውን የድንበር ድንጋይ ተተከለ። የንጉሥ ዓይን በተባረረ ነገር ላይ አያርፍምና፣ ነጋዴዎቹ ተጠርተው ጭልፊቷን ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ድንጋይ ያለው አገርሽ አይደለም ብለው አስተማሯት። አየች፤ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ክንፏን አዘንብላ ትመለሳለች።

አጋፋሪ ልሳኑ በሙሉ ክብር ተለቀሰላቸው። አልሮጡም ተብሏልና መበለታቸውም ቤታቸው ሳይወሰድባቸው ኖሩ።

ጭልፊቷ ይህን በተማረች በሦስተኛው ቀን ከሩቅ መንደር አንዲት ምጥ የያዛት ሴት እንደ መስፍን ካባ ለብሳ በቃሬዛ መጣች። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ተሸካሚዎቿ ፈርተው ቆሙ። ይርዳው ወጥቶ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተቀበለ፤ እየሮጡ አሻገሯት። ቀጥሎ በእባብ የተነደፈ መጣ፣ ቀጥሎ እሳት የበላው ሕፃን። ከዚያ ምንም ያልሆኑ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ ሲንጎራደዱ ውለው፣ የገለባ ሆዳቸውን ድንጋዩ ሥር አስቀምጠው፣ ወዲያ ማዶ ይሮጡና ተመልሰው ያስሩታል። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ይህ እንግዲህ በዚያ አገር የሆነ ነው። እኛ ጋ ሜዳ አይከሰስም፤ ሹሞቻችንም ሰው ናቸው።

አንድ ቀን፣ ጥሩዬ ሕፃኗን አዝላ ከይርዳው ጋር ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ከዋና ከተማ አንድ ትልቅ ሹም ያለ አጃቢ መጣ። ካባው አዲስ፣ ሆዱ እውነተኛ ነበር። መንደሩ ብድግ ብሎ ቆመ።

«ጌታዬ፣ የታመመ ሰው አለ?» አለ ይርዳው።

«የለም።»

«የሚያሳድድዎ አለ?»

ሹሙ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ሰማዩን አየ። «እስካሁን የለም» አለ።

ጫማውን አወለቀ። ካባውን አወለቀና የሚሰጠው ሎሌ ቢያጣ ለጥሩዬ ሰጣት። ድንጋዩን በጥንቃቄ ተሻገረ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያም ሮጠ። ልጅ ሆኖ እንኳ ሮጦ የማያውቅ ሰው ነበር መሰለኝ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም፤ እንደ ዳክዬ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ነበር የሚሮጠው። አንድም ሰው ግን አልሳቀበትም።